የእምቧጮ አፋፍ ጨለማ

ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከደጀ ሰላሙ አሥር እርምጃ ርቆ፣ በቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ደወል አልተደወለም፤ ጉድጓድም አልተቆፈረም። አንዲት አሮጊት ከራስጌው ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዝንብ ያባርራሉ። የቀረው የእምቧጮ አፋፍ ሰው ከወይራው ጥላ ሥር ተሰብስቦ፣ ገበያ እንደ ቀናው ነጋዴ ያወራል፤ አንዳንዱም ይስቃል።

ዋና ኢንስፔክተር ፈትለወርቅን መጀመሪያ ያናደዳት ይኸው ነበር። ከደብረ ታቦር ተነሥታ አርብ ገበያ እስክትደርስ፣ ከዚያም መንገድ ተብሎ በተጠራው የድንጋይ ክምር ላይ አንድ ሰዓት ስትንገላታ፣ ቁጣዋን እያጠራቀመች ነው የመጣችው። የእስቴ ሰው ናት፤ ደጋውን ታውቀዋለች። በዚህ አገር ጠላት እንኳ ሲሞት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፤ የልቡን በልቡ ይዞ ያለቅሳል። ለቅሶ የሌለው ሬሳ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«የደወለልኝ ማን ነው?» አለች ከመኪናው እንደ ወረደች።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ረዘም ያለ ገበሬ ከቃሬዛው ግርጌ ተነሥቶ። «አበባው እባላለሁ። ሟቹ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዶክተር ምስጋናው። ትናንት ማታ ከገደሉ አፋፍ አዳልጦት ወደቀ። እነዚህ ግን ራሱን ገደለ ብለው መቃብር ከለከሉን። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ኢንስፔክተር፤ አዳልጦት መሆኑን ይጻፉልን።»

«እኔ ያልኸኝን ልጽፍ አልመጣሁም።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። የሟቹ እናት ወይዘሮ ዓለምዬ ናቸው። ዓይናቸው ደርቋል።

«ልጄ፣ አንቺ መንግሥት ነሽ» አሉ። «ራሱን እንዳልገደለ ንገሪልኝና ፍትሐት ይደረግለት፤ ከአባቱ ጎን ይቀበር። እስከ ሠርክ ድረስ ነው የሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ፣ ውሻ በሚጣልበት ሜዳ ሊቆፍሩለት ነው። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«እናቴ፣ ያገኘሁትን ነው የምናገረው። እርስዎ የሚፈልጉትን ላይሆን ይችላል።»

«ያገኘሽውን ተናገሪ። ልጄን አውቀዋለሁ።»

ፈትለወርቅ ተንበርክካ ጋቢውን ገለጠች። ሳጅን አማረ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ አጠገቧ ቆመ። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተሰብሯል። ደሙ ከፀጉሩ ጋር ደርቆ ገለባ ይዟል። ይህ ብዙም አላስገረማት፤ በውቂያ ወራት ገለባ የሌለበት ራስ ጋይንት ውስጥ አይገኝም። ዓይኗን የያዘው ጫማው ነው። የከተማ ጫማ ነው፤ ቡናማ ቆዳ፣ ባለ ክር። ክሩ ግን ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ጭነት እንደሚጠፈር ተጎትቶ ታስሯል።

አንዱን ጫማ ፈትታ አወለቀችው። የካልሲው መርገጫ በገብስ ገለባ ተሸፍኗል፤ ሁለት ፍሬ ገብስም ተጣብቆበታል። የጫማውን ሶል ገልብጣ አየች። አቧራ ብቻ ነው።

«ከገደሉ ሥር ያወጣው ማን ነው?»

«እኔና ሦስት ጎረቤቶች፣ ሲነጋ» አለ አበባው።

«ጫማው እግሩ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

ሦስቱም ጎረቤቶች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈትለወርቅ ጫማውን መልሳ አጠለቀችለትና ጋቢውን አለበሰችው። ምን እንዳየች ለአማረም አልነገረችውም። እንዲህ ስትሆን አማረ መጠየቅ ትቷል፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ የቀመሰውን ያውቃል።

የደብሩ ቄሰ ገበዝ ቀለመ ወርቅ ከደጀ ሰላሙ ደፍ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በሩን በሰውነታቸው የዘጉት ይመስላሉ። ኢንስፔክተሯ ስትጠጋ መስቀላቸውን አላወጡም። ከመጽሐፋቸው መካከል ግን ግማሽ ገጽ ወረቀት አወጡ።

«ከሚኖርበት ከአፋፉ ቤት፣ ከጠረጴዛው ላይ፣ ከእጅ ባትሪ ሥር የተገኘ ነው። በገዛ እጁ የጻፈው። አንብቢው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

የላይኛው ግማሽ ተቀዷል። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ያመኑኝን ሁሉ፣ በተለይም በእኔ ምክንያት የተጎዱትን፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ሥራ አልቀጥልም።»

«ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ቀኖና ነው። እኔ አልጻፍሁትም።»

«አባ፣ ይጠሉት ነበር?»

«ያልጠላው ማን አለ? ስምንት ዓመት ሙሉ በጨለማ አቆየን! የመብራቱ ምሰሶ አርብ ገበያ ደርሶ ወደኛ ሊዞር ሲል፣ ይህ ሰው ከተማ ወርዶ አመለከተ። እምቧጮ አፋፍ ለኮከብ መመልከቻ የተመረጠ ቦታ ነው፣ መብራት ከገባ ሰማዩ ይበላሻል ብሎ መስመሩን ወደ ሌላ ቀበሌ አስዞረው። በመብራት የሚበላሽ ሰማይ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወፍጮ የለን። ጤና ኬላው በኩራዝ ሲያዋልድ ስንት ሴት ቀበርን፤ የእኒህን የአሮጊቷን ምራት ጨምሮ። እሱ ግን አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጨለማውን ይለካል!»

ከወይራው ሥር የተቀመጡት በማጉረምረም ደገፏቸው። «ጨለማ ወዳድ!» አለች አንዲት ሴት፣ ሬሳው እንዲሰማት የፈለገች ይመስል።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። ከሞተ በኋላ የማይመሰገን የለም ለማለት ነው። እምቧጮ አፋፍ ላይ ግን ተረቱ ሳይሠራ ቀረ። ፈትለወርቅ ዘጠኝ ሰው ጠየቀች፤ ዘጠኙም ሟቹን ረገሙት። አሥረኛው አበባው ነው።

አበባው ወደ አውድማው ይዟት ወረደ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ የጎማ ጫማውን አውልቆ ገባ። እሷም እንደ አገሩ ወግ ጫማዋን አወለቀች፤ እህል የወረደበት አውድማ በጫማ አይረገጥም። አንድ ሁለት እርምጃ እንደ ተራመደች ገለባው ካልሲዋን ወጋት።

«ከወንድምህ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«እኔና እሱ? ለምን ብለን? ደግ ሰው ነበር። ያስተማረኝ እሱ፣ በሬ የገዛልኝ እሱ። በሱ ቂም የለኝም።»

«ትናንት የት ዋልህ?»

«እዚሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ሄዶ ብቻዬን ስወቃ ዋልሁ። አመሻሽ ላይ ለመኝታው የሚሆን ጭድ በአህያ ጭኜ ወደ አፋፉ ቤት ወሰድሁለት። ከበሩ ላይ ተቀበለኝ፤ አመሰገነኝ። አራግፌ ተመለስሁ።»

«ቀን ወደዚህ አልወረደም?»

«አልወረደም።»

ፈትለወርቅ አውድማውን ዞረች። እህሉ ተሰብስቦ ተከድኗል። በእበት የተለቀለቀው ወለል በበሬ ኮቴ ተፈቅፍቆ ነጥቷል። ከጠርዙ አጠገብ ግን አንድ ቁና የሚያስቀምጥ ያህል ቦታ አዲስ እበት ተለቅልቆበታል። ጣቷን አሳረፈችበት። አልደረቀም።

«ውቂያው አልቋል?»

«ትናንት ጨረስሁ» አለ አበባው።

ጫማዋን አጥልቃ ወደ አፋፉ ወጣች። ዳገቱ ለሰው እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። ከፊቷ አንዲት ግራጫ አህያ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ፣ ጆሮዋን እያወዛወዘች፣ አንዴም ሳትቆም ወጣች። የማን እንደ ሆነች አማረ ጠየቀ። የአበባው ናት፤ ለለቅሶ ቤት ውሃ እያመላለሰች ነው።

የአፋፉ ቤት አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል ያያል። ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጡና አርብ ገበያ ክፍል የተከራዩ። ፕሮፌሰር ጌዲዮን የሟቹ የቀድሞ መምህር ናቸው። ራሄል ከሟቹ ጋር የምትሠራ ተመራማሪ ናት። በክፍሉ ሁለት ጥግ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል።

«እዚህ ምን ነበር የሚሠራው?» አለች ፈትለወርቅ።

«ድንክ ጋላክሲ ይመዝን ነበር» አለች ራሄል።

«በምን ሚዛን?»

«በከዋክብቱ ፍጥነት። በእኛ ጋላክሲ ዙሪያ ትናንሽ ጋላክሲዎች አሉ፤ ድንክ እንላቸዋለን። ከዋክብታቸው ጥቂት ነው። ፍጥነታቸውን ስንለካው ግን፣ በሚታየው ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተበታትነው ባለቁ ነበር። አልተበታተኑም። ስለዚህ አንድ የማይታይ ከባድ ነገር ይዟቸዋል ማለት ነው። ጨለማ ቁስ ይባላል። እሱን ያየው የለም፤ ክብደቱን የምናውቀው የሚታየው ነገር ከሚሄድበት አካሄድ ነው።»

ፈትለወርቅ ወሬው ጣማት። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራችውን ሥራ አንድ ሰው በስም የጠራላት መሰላት።

«እና ለዚህ ነው መብራት ያስከለከለው?»

«ከአሥር ዓመት በፊት እሱና ፕሮፌሰር አንድ ድንክ ጋላክሲ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጨለማ ቁስ አለው ብለው አሳወቁ። ስማቸው የተጠራው በዚያ ሥራ ነው። ያንን ለመከታተል እዚህ መመልከቻ ሊሠራ ፈለገ፤ ጨለማ ሰማይ ያሻው ነበር። ዘንድሮ እኔ እነዚያኑ ከዋክብት ዳግም ለካኋቸው። ከፈጣኖቹ የብዙዎቹ ፍጥነት ተለውጦ አገኘሁት። እያንዳንዳቸው አጠገባቸው የማይታይ ጓደኛ ኮከብ አላቸው፤ እሱን ሲዞሩ ነው የፈጠኑት። ሌሎቹ ድንክ ጋላክሲዎች ጨለማ ቁስ አላቸው፤ በዚህኛው ላይ አለ የተባለው ያ ሁሉ ግን የለም።»

«ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው!» አሉ ፕሮፌሰር ጌዲዮን ዞር ብለው። «የሠላሳ ዓመት ሥራ በአንዲት ልጅ ልኬት አይፈርስም።»

«ከእኔ ይልቅ ከዋክብቱን ይቆጧቸው» አለች ራሄል። ወደ ፈትለወርቅ ዞረች። «ምስጋናው ስህተቱን በይፋ ሊያሳውቅ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ዓርብ ጠዋት የእኔን ልኬት የሚያነሣውን መስመር አንብቦልኛል። ሙሉ ገጽ ነው። ቀትር ላይ ፕሮፌሰር መጥተው ጮኹበት፤ አልሰማቸውም።»

ፈትለወርቅ ግማሹን ገጽ አወጣች። «የላይኛው ግማሽ የት ሄደ?»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ላኩ፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ፕሮፌሰር፣ ትናንት አመሻሽ የት ነበሩ?»

«አርብ ገበያ፣ ክፍሌ ውስጥ።»

«በርዎን አንኳኩቼ ማንም አልከፈተልኝም» አለች ራሄል።

ፕሮፌሰሩ በጥላቻ አይዋት። ፈትለወርቅ ይህን ጥላቻ ለካችው፤ የሚገድል ሳይሆን የሚፈራ ሰው ጥላቻ ነው። የእኒህ ሰው እጅ ለስላሳ ነው። ጫማቸውም ባለ ክር ነው፤ ክሩ በሥርዓት፣ እንደ ቢራቢሮ ታስሯል።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሁን ይሰጡኛል ወይስ ሠርክ ላይ፣ በሰው ፊት?»

«ምን ወረቀት?»

«እንግዲያው በሰው ፊት» ብላ ወጣች።

አፋፉ ላይ የተንሸራተተ እግር የጫረው መስመር የለም። ጭዱ ግን አለ። ከቤቱ በር ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ከገደሉ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ላይ ተራግፏል። ለመኝታ የመጣ ጭድ ገደል አፍ ላይ ምን ያደርጋል? አማረን ወደ አውድማው ሰደደችው፤ እርጥቡን እበት ፍቆ ከሥሩ ያለውን እንዲያይ። እሷ ወደ ቄሰ ገበዙ ተመለሰች።

«አባ፣ ትናንት ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ማንን አዩ?»

«አበባውን። ጭድ የጫነች አህያ ይነዳል።»

«አህያዋ እንዴት ነበር አካሄዷ?»

«አሁን ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሬሳ አስቀምጠሽ የአህያ እርምጃ ትጠይቂኛለሽ?»

«ይመልሱልኝ።»

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሦስት ጊዜ ቆመች። ጉልበቷ ይብረከረክ ነበር። ጭድ ተሸክማ እንዲህ የምትሆን አህያ ነገ ትሞታለች ብዬ አለፍሁ።»

ፈትለወርቅ አመስግና ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ገብቷት ነበር፤ ባይገባኝ በወደድሁ አለች በልቧ። ወይዘሮ ዓለምዬ አሁንም ዝንቡን ያባርራሉ። አማረ ከአውድማው ተመልሶ በጆሮዋ አንድ ቃል ነገራት። ተነሣች።

ሠርክ ሊሆን ሲል ሁሉንም ከደጀ ሰላሙ ፊት አቆመቻቸው። ቄሰ ገበዙ ከበሩ፣ እንግዶቹ በቀኝ፣ አበባው ከእናቱ አጠገብ፣ የአገሩ ሰው በዙሪያው።

«መጀመሪያ ወረቀቱ» አለች። «ፕሮፌሰር፣ ቀትር ላይ ተጣልተው ሄዱ፤ አመሻሽ ላይ ደብዳቤውን ፍለጋ ተመለሱ። ቤቱ ባዶ ነበር። ወረቀቱ ከባትሪው ሥር ነበር፤ ሲጎትቱት ተቀደደ። ግማሹን ትተው የሮጡት ለምንድን ነው?»

ፕሮፌሰር ጌዲዮን ዙሪያውን አዩ፤ የሚያዝንላቸው ፊት አላገኙም። እጃቸውን ኪሳቸው አስገቡ።

«ኮቴ ሰማሁ» አሉ። «አንድ እንስሳ ከደጅ በኃይል ይተነፍስ ነበር። እሱ የመጣ መስሎኝ በጓሮ ወጣሁ። ሰው አልገደልሁም። ስሜን ማዳን ብቻ ነው የፈለግሁት።»

ፈትለወርቅ የተቀደደውን ተቀብላ ለቄሰ ገበዙ ሰጠቻቸው። «ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፣ አባ።»

ቄሰ ገበዙ አነበቡ። ስለ ጋላክሲውና ስለ ራሄል ልኬት የሚለውን እየተደናቀፉ አለፉት። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። «ስለዚህ መመልከቻው አያስፈልግም። ሰኞ ደብረ ታቦር ወርጄ ማመልከቻዬን እሰርዛለሁ። የመብራቱ መስመር ወደ እምቧጮ አፋፍ እንዲዞር ራሴ እለምናለሁ።»

«ጨለማ ወዳድ» ያለችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሰኞ ቀጠሮ ያለው ሰው ዓርብ ራሱን አይገድልም» አለች ፈትለወርቅ።

ወይዘሮ ዓለምዬ መሬቱን ሳሙ። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!»

«ይበቃል» አለ አበባው ፈጥኖ። «አዳልጦት ነው፤ አልኋችሁ። በሩ ይከፈት፤ እንቅበረው።»

ፈትለወርቅ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። እናቲቱ የለመኑት ተሰጥቷቸዋል፤ በሩ ሊከፈት ነው፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ሥራዋን ጠልታው አታውቅም።

«አልጨረስሁም» አለች።

አበባው አንገቱን ደፋ።

«ሟቹ የከተማ ጫማ አድርጓል፤ የገብስ ገለባና ፍሬ የተገኘው ግን ከጫማው ውስጥ፣ ከካልሲው ሥር ነው። ጫማ አውልቆ ገብስ የሚረገጠው የት እንደ ሆነ ለጋይንት ሰው አልነግርም። ሲሞት አውድማ ላይ ነበር። ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ጫማውን አጠለቀለት። ያ ሰው የጫማ ክር አስሮ አያውቅም፤ ጭነት ነው የሚያውቀው፤ እንደ ጭነት ጠፈረው። እንግዶቹ እንዲህ አያስሩም። አባ፣ እርስዎም ገበያ ነበሩ።»

«አውድማው የማን ነው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሌሎቹ ወደ አበባው ዞሩ።

«ውቂያው ትናንት አልቋል። ውቂያ ያለቀበት አውድማ አይለቀለቅም። ይህኛው ግን በአንድ በኩል አዲስ እበት አለው። ሳጅን አማረ ፍቆት ከሥሩ ደም አግኝቷል። ከዚያ ወዲያ አህያዋ አለች። ጭድ ብዙ ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደት የለውም። ዛሬ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ሳትቆም ስትወጣ አየኋት። ትናንት ግን በዚያው ዳገት ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ጉልበቷም ተብረከረከ፤ አባ አይተዋታል። የሚታየው ጭድ ነው። በጭዱ ውስጥ ያለውን ያየው የለም፤ ክብደቱን ግን አካሄዷ ተናገረ።»

ራሄል እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አበባው ጭዱን ለወንድሙ በር ላይ እንዳስረከበው ነግሮኛል። አህያዋ ስትደርስ ግን ቤቱ ውስጥ የነበሩት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ምስጋናው አልነበረም። አገሩ ሁሉ በጨለማው ምክንያት ሟቹን ሲረግም ዋለ። ምራታቸው በኩራዝ ብርሃን በምጥ የሞተችባቸው እናት፣ ካላገባው ሟች ሌላ ያላቸው ወንድ ልጅ አበባው ብቻ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ሊጠላው የሚገባው ሰው ብቻውን አመሰገነው። ይህ ከበደኝ።» ወደ አበባው ዞረች። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ራሱን ገደለ ሲሉልህ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለምን ጠራኸኝ?»

አበባው ዓይኑን ወደ ቃሬዛው መለሰ።

«ትናንት ጫማውን አውልቆ አውድማው ገባ። ይቅርታ ልጠይቅህ መጣሁ አለኝ። ያ የምፈልገው ነገር እዚያ የለም፤ ተሳስቻለሁ አለ። ለሌለ ነገር? አልሁት። ሚስቴን ተዋበችን ለሌለ ነገር ነው ያስገደልኸኝ? አዋላጇ በስልክ መብራት ደሟ የሚፈስበትን ስትፈልግ፣ እሷ እጄን ይዛ ስትቀዘቅዝ… ለሌለ ነገር? ዱላዬ በእጄ ነበር።» ወረቀቱን በዓይኑ ፈለገ። «ስለ ሰኞ አልነገረኝም። አላስጨረስሁትም።»

«የጠየቅሁህን አልመለስህም።»

«ከቅጥር ውጭ ሊቆፍሩለት ነበራ!» አለ በቁጣ፣ የመጀመሪያዋ ቁጣው ናት። «ገድዬዋለሁ። ነፍሱን ግን እንዴት አድርጌ ልግደላት? አዳልጦት ከተባለ ፍትሐት ይደረግለታል ብዬ ነው።»

ቄሰ ገበዙ በሩን ለቀቁና ወደ ጎን ቆሙ። መስቀላቸውን አወጡ። «ደወል ይደወል» አሉ። አራት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ቃሬዛውን አነሡ። ደወሉ ሲመታ ቅድም ሲስቅ የዋለው አገር ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተከተሉ። አማረ የአበባውን እጅ በካቴና አሰረ።

ወይዘሮ ዓለምዬ ተነሥተው ቆሙ። ቃሬዛው በበሩ አልፎ ሲገባ አዩት። አልተከተሉትም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ መኪናው መንገድ ዞሩ፤ የታሰረውን ልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«እናቴ» አለች ፈትለወርቅ፣ «ልጅዎ ሊቀበር ነው። ቀኑን ሙሉ የለመኑኝ እኮ ይህንን ነው።»

«ይቅበሩት» አሉ። «ለሱ ካህን አለው፣ ደወል አለው። ይኸው፣ አገር ሁሉ ሊያለቅስለት ተነሥቷል። ይህንን ማን ይሸኘዋል?»

ፈትለወርቅ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችላቸው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ገቡ። ፊቱን አላዩትም፤ ክንዱንም አልለቀቁም።